«ፈቃድ አለኝ» ማለት ያስጠይቃል እንጂ አያስጥልም

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

የሠርግና የምርቃት ወቅት ሲመጣ «ፈቃድ ያለው የድሮን ቀረጻ» የሚል ማስታወቂያ ይበዛል። ቃሉ ደንበኛን ያረጋጋል። የሚያሳስበን ግን ቀራጮቹ ራሳቸው በዚህ ቃል መረጋጋታቸው ነው። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚሠሩ ብዙ ወገኖቻችን የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ በተለምዶ ኤፍኤኤ የምንለው፣ ድሮንን ለሥራ ለማብረር የሚሰጠውን የፓርት 107 ፈቃድ ካወጡ በኋላ የትም ቦታ የሚያሳልፍ ወረቀት የያዙ ይመስላቸዋል። እኛ ድሮን ማብረር የምናሠለጥን ነን፤ ይህን ደብዳቤ የጻፍነውም ፈቃድ ያለው ሰው ሲያጠፋ ከሌላው የበለጠ የሚያጣው ነገር እንዳለ ለማስረዳት ነው። ሌላው ሰው ገንዘብ ይቀጣል፤ እሱ ግን ከገንዘቡ ሌላ እንጀራው የቆመበትን ካርድም ሊያጣ ይችላል። «አላውቅም ነበር» ቢል ደግሞ ተፈትኖ ያለፈበት ወረቀት ይመሰክርበታል።

ፓርት 107 ሥራ ላይ የዋለው ኦገስት 29 ቀን 2016 ነው (በዚህ ደብዳቤ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ፈተናው 60 ጥያቄ አለው፤ ለማለፍ 70 በመቶ ማግኘት ያስፈልጋል፤ የመፈተኛው ክፍያ 175 ዶላር ነው። ካርዱ ከተገኘ በኋላ በየ24 ወሩ በኢንተርኔት የሚሰጠውን ነፃ የማደሻ ሥልጠና መውሰድ ግዴታ ነው። ፈተናው የአየር ክልል ካርታ ማንበብን፣ የአየር ጠባይን፣ ከሰው በላይ ስለመብረር የወጣውን ደንብና ከመጠጥ በኋላ የሚጠበቀውን ሰዓት ይጠይቃል። ስለዚህ መርማሪው «ታውቅ ነበር?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አስቀድሞ መዝገብ ላይ አለ።

ትልቁ ጥፋት የሚጀምረው ከቦታው ነው። በሬገን አየር ማረፊያ ዙሪያ ባለው የ30 ማይል ክብ ውስጥ ያለው ሰማይ ከሴፕቴምበር 11 ጥቃት በኋላ በወጣ ደንብ የአገር መከላከያ የአየር ክልል ሆኗል። ውስጠኛው የ15 ማይል ክብ ያለ ኤፍኤኤ ልዩ ፈቃድ ለማንኛውም ድሮን ዝግ ነው። ፓርት 107 መያዝ እዚህ ላይ ምንም አይለውጥም። አሌክሳንድሪያ፣ ፎልስ ቸርች፣ ታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባቸውና የሚደግሱባቸው ሰፈሮች፣ በዚሁ በጠባቡ ክብ ውስጥ ናቸው። ከ15 እስከ 30 ማይል ባለው ቀለበት ውስጥ መብረር ይቻላል፤ ድሮኑ የተመዘገበና ከ55 ፓውንድ የቀለለ ሊሆን፣ ከ400 ጫማ ሳያልፍ፣ ከዓይን ሳይጠፋ፣ አየሩ ጥርት ሲል ብቻና ከሌላ አውሮፕላን ርቆ ሊበር ይገባል። በአየር ማረፊያዎች ዙሪያ ባለው ቁጥጥር የሚደረግበት ክልል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ከዚህ በተጨማሪ የዚያ ክልል ፈቃድ ያስፈልጋል።

በዚህ ላይ አንድ ወጥመድ ተጨምሯል። እስከ 2024 መጨረሻ ድረስ ዲጄአይ ሠራሽ ድሮን ጥብቅ በሆነ የተከለከለ ቦታ ሲሆን ሞተሩን አላስነሳም ይል ነበር። ኩባንያው በጃንዋሪ 2025 በአሜሪካ ይህን እገዳ አንስቶ በማስጠንቀቂያ ተካው። አሁን ስክሪኑ ላይ ማስጠንቀቂያ ይመጣል፤ አብራሪው በአውራ ጣቱ ነክቶ ያሳልፈዋል፤ ድሮኑም ይነሳል። ቀድሞ «ማሽኑ ከተነሳ ተፈቅዷል ማለት ነው» ብሎ መሥራት የለመደ ሰው አሁንም በዚያው ልማድ ይሄዳል። ጉዳዩ ወደ ወንጀል ከሄደ ግን ዋናው ጥያቄ «እያወቀ ነው ወይ ያጠፋው?» የሚል ነው፤ ያችን ማስጠንቀቂያ አይቶ ያለፈ ሰው ደግሞ አላየሁም ማለት ይቸግረዋል። በአገር መከላከያ የአየር ክልል ደንቡን እያወቀ የጣሰ ሰው በፌዴራል ሕግ እስከ አንድ ዓመት እስራት ሊፈረድበት ይችላል።

ወደ ሠርጉ እንምጣ። ድሮን ከሰው ራስ በላይ ማብረር ክልክል ነው፤ ደንቡ በአራት ምድብ ከፍሎ የፈቀደው ብቻ ቀርቶ። ሙሽሮቹም ሆኑ ታዳሚዎቹ በደንቡ ዓይን «የበረራው ቀጥተኛ ተሳታፊ» አይደሉም፤ ተሳታፊ የሚባሉት አብራሪው፣ ድሮኑን በዓይን የሚከታተል ረዳቱና ለበረራው ደኅንነት የግድ የሚያስፈልጉ ሰዎች ናቸው። «ሙሽሮቹ ተስማምተዋል፣ ፈርመዋልም» የሚለው ክርክር የሚወድቀው በዚህ ምክንያት ነው። ብዙዎች ትንሿን ሚኒ ድሮን ይዘው «ከ250 ግራም በታች ስለሆነች ችግር የለም» ይላሉ። ለመጀመሪያው ምድብ ግን ክብደቱ ብቻ አይበቃም፤ የሰው ቆዳ ሊቆርጥ የሚችል የተጋለጠ የሚሽከረከር አካል ሊኖራት አይገባም። መከለያ የሌለው የሚኒ ፕሮፔለር ደግሞ ጣት ይቆርጣል። ሜዳ ላይ በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ለማንዣበብ ከሆነ ድሮኑ እየበረረ ማንነቱን የሚያሰራጭበት ሪሞት አይዲም ያስፈልጋል። ከምዝገባ ነፃ የሚያደርገው የ250 ግራም ወሰን የሚሠራውም ለመዝናኛ ለሚያበር ሰው ብቻ ነው። ለሥራ የሚበር ድሮን የቱንም ያህል ትንሽ ቢሆን ለየብቻው መመዝገብ አለበት፤ ክፍያው ለሦስት ዓመት 5 ዶላር ነው። ገንዘብ ባይቀበሉም እንኳ ቪዲዮውን ለስቱዲዮ ማስተዋወቂያ ካዋሉት በረራው መዝናኛ መሆኑ ይቀራል።

የመኪና አጀቡ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ሙሽሮቹ ከቤተ ክርስቲያን ወጥተው ወደ አዳራሽ ሲሄዱ ቀራጩ ከኋላ መኪና ውስጥ ተቀምጦ፣ መቆጣጠሪያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ድሮኑን ከሊሞዚኑ በላይ ይነዳል። ይህች የሁለት ደቂቃ ቀረጻ ብቻዋን ቢያንስ ሁለት ጥሰት አለባት። ሰው በበዛበት አካባቢ በሚንቀሳቀስ መኪና ውስጥ ሆኖ ማብረር አንዱ ነው። በሕዝብ መንገድ ላይ በሚሄዱ መኪኖች ራስ ላይ ሳያቋርጡ መከተል ሌላው ነው፤ መንገዱን አቋርጦ ማለፍና አጀቡን መከተል በደንቡ አንድ አይደሉም። አንድ ዛፍ ወይም ድልድይ ድሮኑን ከከለለው ከዓይን ሳይጠፋ የማብረር ግዴታም ስለሚጣስ ሦስተኛው ይጨመራል። ፀሐይ ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ደግሞ ከሦስት ማይል የሚታይ ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ድሮኑ ላይ መኖር አለበት፤ ከፋብሪካ የመጣው ትንሽ የአቅጣጫ መብራት ይበቃል ብሎ መገመት አደጋ ነው።

ስለ መጠጥም ማንሳት አለብን። ድግስ ላይ «አንዴ ቅመስ» የማይል ዘመድ የለም፤ እምቢ ማለትም ከባድ ነው። ደንቡ ግን ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ስምንት ሰዓት እስኪያልፍ ማብረር አይፈቅድም፤ ስምንት ሰዓት ቢያልፍም በደም ውስጥ ያለው አልኮል 0.04 በመቶ ከደረሰ ክልክል ነው። አንዲት ብርሌ ጠጅ ቀምሶ ማብረር ብቻውን ፈቃዱን ለማገድ ወይም ለመሰረዝ በቂ ምክንያት ነው።

ለፎቶ የሚመረጡት ሊንከን መታሰቢያ፣ ጄፈርሰን መታሰቢያና ግሬት ፎልስ የብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት የሚያስተዳድራቸው ናቸው። አገልግሎቱ ከ2014 ጀምሮ በሚያስተዳድረው መሬትና ውኃ ላይ ድሮን ማስነሳት፣ ማሳረፍና ማብረር ከልክሏል። ቅጣቱ እስከ ስድስት ወር እስራትና እስከ 5,000 ዶላር ይደርሳል።

አሁን ወደ ቅጣቱ። በሜይ 2024 የወጣው የኤፍኤኤ ማደሻ ሕግ በድሮን አብራሪ ላይ የሚጣለውን የገንዘብ ቅጣት ጣሪያ በአንድ ጥሰት እስከ 75,000 ዶላር አድርሶታል። «በአንድ ጥሰት» የሚለውን አስምሩበት። ከላይ ባነሳነው አጀብ አንዲት በረራ ሦስት ጥሰት ልትይዝ ትችላለች። እርግጥ ጣሪያው ሁልጊዜ አይጣልም። በኦገስት 2024 ኤፍኤኤ ከኦክቶበር 2022 እስከ ጁን 2024 ድረስ በደረሱ ጥፋቶች 27 ሰዎች በድምሩ 341,413 ዶላር እንዲቀጡ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ12,600 ዶላር በላይ ይደርሳል። ይህም አዲሱ ጣሪያ ከመውጣቱ በፊት የተፈጸሙትን ጥፋቶች ጨምሮ ነው።

ከገንዘቡ ጋር ወይም በገንዘቡ ፋንታ ፈቃዱ ሊታገድ ወይም ሊሰረዝ ይችላል። ሌላ የአብራሪ ፈቃድ ያላቸው፣ በተለይ አውሮፕላን ማብረር የሚማሩ ወጣቶቻችን፣ በድሮን የሠሩት ጥፋት የአውሮፕላን ፈቃዳቸውንም ሊነካ እንደሚችል ይወቁ። ፈቃዱ ታግዶ ሳለ «ውል ገብቻለሁ» ብሎ መሥራት ደግሞ ጉዳዩን ከአስተዳደር ወደ ወንጀል ያሻግረዋል፤ እያወቁ ያለ ፈቃድ በአብራሪነት መሥራት እስከ ሦስት ዓመት ያሳስራል።

ሰው የጫነ አውሮፕላንን በድሮን ማወክ በፌዴራል ሕግ ወንጀል ነው። በሥራ ላይ ካለ መንደርደሪያ ከሁለቱም ጫፍ አንድ ማይል በሚረዝመውና ግማሽ ማይል ስፋት ባለው ክልል ውስጥ ያለ ፈቃድ፣ እያወቁ ማብረርም እንዲሁ። መነሻው እስከ አንድ ዓመት ሲሆን፣ በግድየለሽነት ከባድ የአካል ጉዳት ካደረሰ እስከ አሥር ዓመት፣ እያወቁ ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ ይሄዳል። የሰደድ እሳት ማጥፋትን ሥራ እያወቁ ማሰናከል እስከ ሁለት ዓመት ያሳስራል። በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ የፓሊሴድስ ቃጠሎ ጊዜ የሆነው ለዚህ ምሳሌ ነው። አንድ ሰው ጉዳቱን ለማየት ከሳንታ ሞኒካ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ አናት ላይ ድሮን አስነሣ፤ ከ2,500 ሜትር በላይ ሲርቅ ከዓይኑ ጠፋበት፤ ከካናዳ ለእርዳታ የመጣውን ውኃ ቀጂ አውሮፕላን መታ። ክንፉ ላይ የተገኘው ቀዳዳ ሦስት ኢንች በስድስት ኢንች ገደማ ነበር፤ ከእጅ መዳፍ አይበልጥም። አውሮፕላኑ ግን እሳቱ እየነደደ ከሥራ ወጣ። አብራሪው ጥፋተኝነቱን ሲያምን ቢያንስ 65,169 ዶላር የፈጀውን ጥገና ለመተካትና 150 ሰዓት የማኅበረሰብ አገልግሎት ለመስጠት ተስማምቷል። ሕጉ ተፈጻሚ የሚሆነው ፈቃድ ባለውም በሌለውም ላይ እኩል ነው።

ፈቃድም ልዩ ፈቃድም ይዞ መሳሳት ምን እንደሚመስል በኦርላንዶ ታይቷል። ዲሴምበር 21 ቀን 2024 በሌክ ኢኦላ ፓርክ በተዘጋጀው የድሮን ትርኢት ድሮኖች እርስ በርስ ተጋጭተው ወደቁ፤ አንድ የሰባት ዓመት ሕፃን ክፉኛ ተጎዳ። የብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ የመጀመሪያ ሪፖርት እንዳሳየው የትርኢቱ አቀማመጥ በ7 ዲግሪ ዞሮ ነበር፤ የተስተካከለው የመጨረሻ ፋይልም ወደ ድሮኖቹ አልተላከም። ኤፍኤኤ የኩባንያውን ልዩ ፈቃድ አገደ። ማንም ክፋት አላሰበም፤ ከመነሣት በፊት ሊደረግ የሚገባው አንድ ማረጋገጫ ግን ቀርቷል።

ብዙዎች «ማን ያየኛል?» ይላሉ። ከማርች 16 ቀን 2024 ወዲህ ኤፍኤኤ የሪሞት አይዲን ደንብ በሙሉ እያስፈጸመ ነው። ድሮኑ እየበረረ መለያ ቁጥሩን፣ ያለበትን ቦታ፣ ከፍታውንና ፍጥነቱን ያሰራጫል፤ አብራሪው መቆጣጠሪያውን ይዞ የቆመበትንም ቦታ ጭምር። ፖሊስ በስልክ መተግበሪያ ሊያነበው ይችላል፤ ቁጥሩን ከምዝገባው ጋር አያይዞ የባለቤቱን ስም ማግኘት ደግሞ ለሕግ አስከባሪዎች ክፍት ነው። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የምናየው ስህተት አለ፤ አዲስ ድሮን ተገዝቶ ወይም ከጓደኛ ተውሶ የሪሞት አይዲው ቁጥር በኤፍኤኤ ድሮንዞን ገጽ ላይ ሳይመዘገብ ይበራል። ከዚያ ሌላ የፎቶው ፋይል የጂፒኤስ ነጥብ አለው፤ ስልኩ የበረራ መዝገብ ይይዛል፤ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ የተለጠፈው ቪዲዮ ራሱ ማስረጃ ነው።

ምርመራ መምጣቱን አውቆ መዝገብ ማጥፋት ግን ከመነሻው ጥፋት እጅግ የከፋ ነው። የፌዴራል ምርመራን ለማደናቀፍ ማስረጃ ማጥፋት እስከ 20 ዓመት፣ ለፌዴራል መርማሪ በዋና ጉዳይ ላይ እያወቁ መዋሸት እስከ አምስት ዓመት ያሳስራል። በማስጠንቀቂያ ሊያልቅ የነበረ ጉዳይ በአንድ ውሸት ከባድ ወንጀል ይሆናል።

የምርመራ ደብዳቤ ቢደርስስ? ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የኤፍኤኤ ተቆጣጣሪ ወይም ፖሊስ በቦታው ሲጠይቅ የአብራሪነት ካርድ፣ መታወቂያና የምዝገባ ወረቀት ማሳየት ግዴታ ነው። በፖስታ ለሚመጣው የምርመራ ደብዳቤ መልስ መስጠት ግን በፈቃደኝነት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ 10 ቀን ይሰጣል፤ የተጻፈው መልስም በጻፊው ላይ ማስረጃ ሊሆን ይችላል። በችኮላ «ይቅርታ፣ አምስት ጊዜ አብርሬያለሁ» ብሎ የአራቱን ሳይጠየቁ መናዘዝ አለና በአቪዬሽን ሕግ የሚሠራ ጠበቃ ሳያማክሩ አይጻፍ። ዝም ብሎ ደብዳቤውን መሳቢያ ውስጥ መክተትም መፍትሔ አይደለም። ቀጥሎ የሚመጣው የታሰበው ቅጣት ማስታወቂያ ነው፤ ያኔ ማስረጃ ማቅረብና ከኤፍኤኤ ጠበቃ ጋር መደበኛ ያልሆነ ውይይት መጠየቅ ይቻላል። ፈቃዱን የሚያግድ ወይም የሚሰርዝ ትእዛዝ ከወጣ ይግባኙ ወደ ትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ በ20 ቀን ውስጥ መግባት አለበት፤ ትእዛዙ አስቸኳይ ከተባለ በ10 ቀን። የተለመደው ትእዛዝ ይግባኝ ሲገባ ይቆያል፤ አስቸኳዩ ግን ወዲያው ይጸናል።

ብዙዎች የማያውቁት አንድ መንገድ አለ። ሳያስበው የተሳሳተ አብራሪ በ10 ቀን ውስጥ ናሳ ለሚያስተዳድረው የአቪዬሽን ደኅንነት ሪፖርት ሥርዓት ቢያሳውቅ፣ ጥሰቱ ቢረጋገጥበትም ቅጣቱ ሊቀርለት ይችላል። ሆን ተብሎ የተደረገን ጥፋት፣ ወንጀልን ወይም አደጋን አይሸፍንም። ከዚህ የተለየው ደግሞ ለኤፍኤኤ የሚቀርበው የአደጋ ሪፖርት ነው። ሰው ክፉኛ ከተጎዳ ወይም ራሱን ከሳተ፣ ወይም ከድሮኑ ውጭ ባለ ንብረት ላይ ከ500 ዶላር በላይ ጉዳት ከደረሰ፣ በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ ግዴታ ነው። የአዳራሹን መስኮት ሰብሮ ከባለቤቱ ጋር በሽማግሌ መታረቅ ይህን ግዴታ አያስቀርም።

ከፌዴራሉ ሌላ የክፍለ ግዛት ሕግ አለ። በቨርጂኒያ ድሮንን በሰው ግቢ አስገብቶ ከመኖሪያ ቤት 50 ጫማ ድረስ መቅረብ፣ ለማስፈራራት ወይም ለማዋከብ ከሆነ፣ ወይም «አቁም» ከተባለ በኋላ በማንኛውም ምክንያት ከተደገመ፣ እስከ 12 ወር እስራትና 2,500 ዶላር ያስቀጣል። የቤት ሽያጭ ቪዲዮ የሚቀርጹ ወገኖች ጎረቤት ወጥቶ ሲጮህ «ሰማዩ የፌዴራል ነው» ብለው የሚቀጥሉት ይህን ሳያውቁ ነው። ሌላው ቀርቶ ቀላል የተባለ ወንጀል እንኳ በስደተኛ ላይ ቀላል አይደለም። የዜግነት ማመልከቻው፣ ኤን-400፣ ስለ መታሰርና ስለ መከሰስ ይጠይቃል። ዜግነት ያልያዘ ሰው «አምነህ ፈርም፣ ይቅለልህ» ቢባል ከመፈረሙ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያናግር።

ለሠርግ ወደ አዲስ አበባ ድሮን ይዘው የሚሄዱም አሉ። የአሜሪካው ፈቃድ እዚያ አይሠራም። አስቀድሞ ከመንግሥት ፈቃድ ሳያገኙ ቦሌ ከደረሱ ድሮኑ ጉምሩክ ይቀራል።

ቀራጭ የሚቀጥሩ ሙሽሮችና ቤተሰቦች ካርዱን አይተው ብቻ እንዳይመለሱ እንጠይቃለን። የማደሻ ሥልጠናው የተወሰደበት ቀን መቼ ነው? ለዚያ ቀን የሚመጣው ድሮን የምዝገባ ቁጥሩ ስንት ነው? ለዚያ አዳራሽ አድራሻ የአየር ክልል ፈቃድ አለ ወይ? ድሮኑን በዓይን የሚከታተለው ሁለተኛ ሰው ማን ነው? የኢንሹራንስ ፖሊሲው ከደንብ ውጭ የሆነ በረራን ይሸፍናል ወይስ አይሸፍንም? አዳራሹ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ከሆነ ትክክለኛው መልስ አብዛኛውን ጊዜ «እዚያ ማብረር አንችልም» ነው። እንዲህ ያለው ቀራጭ የአየሩን ምስል በክሬን ወይም ከፎቅ ሰገነት ይሠራዋል፤ ወይም ሙሽሮቹን በሌላ ቀን ከ15 ማይሉ ክብ ውጭ ወደሚገኝ እርሻ ወስዶ ይቀርጻቸዋል።

ከዝግጅት ክፍሉ የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የድሮን ቀረጻ» የሚል ማስታወቂያ ስትቀበሉ አስነጋሪው በየትኛው አካባቢ ለማብረር እንደሚችል እንዲጽፍ አድርጉ፤ «ዲሲና አካባቢው» የሚለው አይበቃም።

ከአክብሮት ጋር፣
ድሮን ማብረር የምናሠለጥን አንባቢዎቻችሁ፣ ሜሪላንድ